ውሻ ይዞ ጎልፍ መጫወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎልፍ ተጫዋቾችን ሁለት ቦታ ከሚከፍሉ ወሬዎች አንዱ ይሄ ነው። አንዱ "ሜዳው ሰፊ፣ ውሻው ጨዋ፣ ምን ችግር አለው?" ይላል። ሌላው "እኔ የመጣሁት ጸጥታ ፍለጋ ነው፤ የውሻ ጩኸትማ ሰፈሬም ሞልቷል" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ራሴ ውሻ ይዤ የምጫወት ሰው ነኝ። ስለዚህ ሚዛኔ ትንሽ ወደ አንድ በኩል ካዘነበለ አትፍረዱብኝ።

በአጭሩ፣ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ይፈቀድ። ግን ለሁሉም ውሻ አይደለም፣ በሁሉም ሰዓትም አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሁሉም ባለቤት አይደለም። እስካሁን ያየኋቸው ጸቦች ማለት ይቻላል ሁሉም የተነሱት ባለቤቱ ማድረግ ሲገባው ባላደረገው ነገር ነው። ገመድ አልያዘም። ፌስታል አልያዘም። ወይም ውሻው ሲጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጨዋታውን ቀጠለ።

የጎልፍ ሕግ ውሻ ይከለክላል?

አይከለክልም። ሕጉን የሚያወጡት ሁለት አካላት ናቸው፤ መቀመጫውን ሴንት አንድሩስ፣ ስኮትላንድ ያደረገው አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር። በ2019 ሕጉን ከ34 ወደ 24 ሲያሳጥሩት ስለ እንስሳት ብዙ ነገር ጽፈዋል። "ውሻ ይዞ መጫወት ክልክል ነው" የሚል ግን የለበትም። ውሳኔው የሜዳው ባለቤት ወይም የክለቡ ነው። ለዚህ ነው አንዱ ሜዳ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ሲል ጎረቤቱ በር ላይ የሚመልሳችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። "ባለፈው ዓመት ይፈቀድ ነበር" መልስ አይሆንም።

ውሻ ኳሴን በአፉ ይዞ ቢሮጥስ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ደስ የሚለው፣ ሕጉ እዚህ ላይ ከተጫዋቹ ጎን ነው። በሕጉ ቋንቋ ማንኛውም እንስሳ "የውጭ ተጽዕኖ" ይባላል። የራሳችሁ ውሻም ቢሆን እዚያው ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ኳሱ ቆሞ ነበር ወይስ እየሄደ ነበር የሚለውን ለዩ።

ቆሞ ከነበረ ነገሩ ቀላል ነው። ኳሱን መጀመሪያ ወደነበረበት ቦታ ትመልሳላችሁ። ቅጣት የለም። ትክክለኛው ቦታ ካልታወቀ በግምት ታስቀምጡታላችሁ። ኳሱን ከውሻው አፍ በጥቂት ሴኮንዶች ማስጣል የማይቻል ከሆነ በሌላ ኳስ መቀጠል ትችላላችሁ። አንድ ቡችላ ጅራቱን እየቆላ፣ ኳሱን በጥርሱ እያንቀጫቀጨ፣ ልትይዙት ስትጠጉ ሁለት እርምጃ እያመለጠ ግማሽ ሜዳ ሲያዞራችሁ ይህን አንቀጽ አስታውሱ። ማባረሩን ትታችሁ ከቦርሳችሁ ሌላ ኳስ አውጡ።

ኳሱ እየተንከባለለ ሳለ ቀልቦት ከሆነ ግን የመጨረሻው ቦታ አይታወቅም። ስለዚህ ኳሱ ውሻው አፍ ውስጥ የገባበትን ቦታ ትገምታላችሁ። ከዚያ ቦታ በአንድ የዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ቀዳዳው ሳትጠጉ፣ ኳስ ትጥላላችሁ። ቦታው ግሪን ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው ባለበት በጣም አጥሮ የታጨደ ሣር ላይ ከሆነ፣ ኳሱ አይጣልም፣ ይቀመጣል። እዚህም ቅጣት የለም።

አንድ ነገር አለ። ውሻው መውሰዱ መታወቅ ወይም ከሞላ ጎደል እርግጠኛ መሆን አለበት። ኳሱ ጫካ ዳር ጠፍቶ፣ ሩቅ ቦታ አንድ ውሻ ስለታየ ብቻ "እሱ ነው የበላብኝ" ማለት አይሠራም። ያ የጠፋ ኳስ ነው፣ ከነቅጣቱ። መፈለጊያ ጊዜውም ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ውሻ ባይሆንም ከታወቁት አጋጣሚዎች አንዱ በ1998 ፍሎሪዳ ውስጥ የሆነው ነው። ፕሌየርስ ሻምፒዮና በሚባለው የባለሙያዎች ውድድር፣ 17ኛው ቀዳዳ ላይ (የሜዳው እያንዳንዱ ክፍል በቀዳዳው ነው የሚጠራው)፣ ተጫዋቹ ብራድ ፌብል ኳሱን በውኃ የተከበበው ግሪን ላይ አሳረፈ። አንዲት የባሕር ወፍ መጥታ በመንቁሯ አነሳችውና ውኃው ውስጥ ጣለችው። ፌብል ያለ ቅጣት ኳስ ወደ ቦታው መልሶ ተጫወተ። ለውሻም ስሌቱ ያው ነው።

የመታሁት ኳስ ውሻውን ቢመታውስ?

ኳሱ ከቆመበት ትጫወታላችሁ፣ ቅጣት የለም። ከግሪን ላይ በመታችሁት ኳስ ግን ሌላ ነው። ፑት አድርጋችሁ፣ ማለትም ኳሱን ወደ ቀዳዳው በቀስታ መትታችሁ፣ ግሪኑ ላይ እየሄደ ሳለ ውሻ ከነካው ምቱ አይቆጠርም፤ ኳሱን መልሳችሁ እንደገና ትመታላችሁ። ውሻው ሊሳት የነበረ ኳስ ወደ ቀዳዳው ቢያስገባላችሁም ያው ነው። አዝናለሁ።

ሕጉን ከማንበባችሁ በፊት ግን ውሻው ደህና መሆኑን እዩ።

ውሻ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ኳሴ ቢገባስ? ቆሻሻው ላይ ቢያርፍስ?

እንስሳ የቆፈረው ጉድጓድ ነጻ እፎይታ ያሰጣል፤ ቅጣት የለውም ማለት ነው። ኳሱን አውጥታችሁ በሕጉ መሠረት ቅርብ ቦታ ላይ ትጥላላችሁ። የእግር አሻራ ግን ጉድጓድ አይደለም። ሜዳው ላይ እንቅፋት እንዲሆን በተሠራው የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ኳሳችሁ የውሻ ኮቴ ላይ ካረፈ እንዳለ መምታት ነው። ይሄ ነው ሰው የሚያበሳጨው። ስለዚህ ውሻችሁ አሸዋ ውስጥ ከገባ መዳመጫውን አንስታችሁ አስተካክሉ። ግሪን ላይ የቀረ የእንስሳ ኮቴ ግን ከመምታታችሁ በፊት መጠገን ይፈቀዳል።

የእንስሳ ቆሻሻ ደግሞ በሕጉ እንደ ቅጠልና እንደ ጭራሮ ነው የሚታየው። ያለ ቅጣት ማንሳት ትችላላችሁ። ችግሩ ስታነሱት ኳሱ ከተንቀሳቀሰ፣ ከግሪን ውጭ ከሆናችሁ፣ አንድ ምት ቅጣት መኖሩ ነው። የሰው ውሻ ቆሻሻ በእንጨት ስትገፉ ኳሳችሁ ተንከባሎ አንድ ምት ስትቀጡ አስቡት። ከዚያ በኋላ ስለ ውሻ መልካም ነገር የሚናገር አይገኝም።

የት አገር ይለመዳል?

ብሪታንያ ውስጥ በብዛት። ለንደን አጠገብ ያለው ሰኒንግዴልን የመሰሉ ትልልቅ ክለቦች ሳይቀሩ አባላት ከውሾቻቸው ጋር ሲጫወቱ ይታያል። ምክንያቱ የሜዳዎቹ ታሪክ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ሜዳዎች የተሠሩት ሕዝብ በሚንሸራሸርበት የጋራ መሬት ላይ ነው። ውሻና እግረኛ ከጎልፉ በፊትም እዚያው ነበሩ።

ዋናው ምሳሌ ሴንት አንድሩስ ነው። እዚያ ያለው ኦልድ ኮርስ፣ በዓለም ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው ሜዳ፣ ከጥቂት ትልልቅ ውድድሮች በስተቀር እሁድ እሁድ ጨዋታ የለበትም። ያን ቀን የከተማው መናፈሻ ይሆናል። ሰው ከነልጁ ከነውሻው ይዞርበታል። ሌሎች ሕይወታቸውን ሙሉ አንድ ጊዜ ለመጫወት የሚመኙት ሣር ላይ ውሾች ይንከባለሉበታል። ስኮትላንድ በ2003 ያወጣችው የመሬት ሕግም ጨዋታ እስካላወከ ድረስ ማንም ሰው የጎልፍ ሜዳ አቋርጦ እንዲያልፍ ይፈቅዳል።

አሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኛው ሜዳ "ውሻ አይገባም" ነው የሚለው። የሚገርመው፣ ብዙ የአሜሪካ ሜዳዎች ራሳቸው ውሻ ቀጥረው ያሠራሉ። የካናዳ ዝይ የሚባለው ወፍ በመንጋ መጥቶ ሣሩን ይግጣል፣ በየቦታው ይኮሳል። ቦርደር ኮሊ የሚባለው የበግ ጠባቂ ውሻ ይለቀቅባቸዋል። አይነክሳቸውም። አጎንብሶ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ ቀስ እያለ ሲጠጋቸው ዝይዎቹ አዳኝ አውሬ መጣ ብለው ይነሳሉ። ስለዚህ "ውሻና ጎልፍ ሜዳ አይስማሙም" የሚለው ክርክር ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም።

የውሻ ሽንት ሣር ያቃጥላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የውሻ ሽንት ብዙ ናይትሮጅን አለው። ናይትሮጅን ማዳበሪያ ነው፤ ሲበዛ ግን ያቃጥላል። ለዚህ ነው መሐሉ ደርቆ ቡናማ የሆነ፣ ዳር ዳሩ ግን ከሌላው ሣር በልጦ የለመለመ ክብ የምታዩት። መሐሉ ላይ በዝቶበት፣ ዳሩ ላይ በልኩ ደርሶት ነው። ሴት ውሻ ቁጭ ብላ አንድ ቦታ ላይ ስለምትሸና ምልክቱ ይጎላል። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ዛፍና እንጨት ይመርጣል። ባንዲራውን ጨምሮ፣ ማለት ነው።

ረጅም ሣር ላይ ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም። ግሪን ግን ሌላ ነገር ነው። ሣሩ የሚታጨደው እስከ ሦስት ሚሊሜትር አካባቢ ድረስ ነው። በሕይወት የሚቆየውም በባለሙያ ዕለታዊ እንክብካቤ ነው። አንድ ክብ ብትቃጠል ለሳምንታት የእያንዳንዱን ሰው ኳስ ታጣምማለች። ውሻ ሮጦ ሲታጠፍ ጥፍሩ የሚተወው ጭረትም እንዲሁ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ውሻ ግሪን አይረግጥም። ሌላ ቦታ ከሸና፣ ወዲያው ብዙ ውኃ ማፍሰስ ይረዳል።

ቆሻሻውን ማንሳት የግድ ነው? ሣር አይደል፣ ማዳበሪያ አይሆንም?

የግድ ነው። የላም እበት አይደለም። የውሻ ዓይነ ምድር ቶክሶካራ የሚባል የአንጀት ትል እንቁላል ሊይዝ ይችላል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ጎልፈኛ ደግሞ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ኳስ ያነሳል፣ ቲውን፣ ኳስ የሚቀመጥባትን ትንሽ እንጨት፣ ከመሬት ነቅሎ ጥርሱ መሐል ይሰካል። ይህን የማያደርግ ጎልፈኛ ካያችሁ ጠቁሙኝ።

ሌላም አለ። ጠዋት በማለዳ ሣር የሚያጭዱትን ሠራተኞች አስቡ። በእጅ የሚያዘው ማጨጃ ሣር ውስጥ የተደበቀ የውሻ አር ሲያገኝ ወዴት እንደሚረጨው ልንገራችሁ? ሱሪ ላይ፣ አንዳንዴ ፊት ላይ። ፌስታል መያዝ የከበደው ሰው አንድ ቀን ይህን ሥራ ይሞክረው።

ሜዳው ለውሻው አደጋ የለውም?

አለው። ሰው ብዙ የማያስብበት ጉዳይ ይሄ ነው።

ኳሷ ትንሽ ትመስላለች፤ ክብደቷ ቢበዛ 45.93 ግራም ነው። ግን ደረቅ ናት። የባለሙያ ምት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስወነጭፋታል። ስለዚህ የውሻ ቦታ ሁልጊዜ ከሚመታው ሰው ኋላ ነው፣ ዱላው ከሚደርስበት ውጭ። ፊት ለፊትም፣ ጎንም አይደለም።

ኳስ የሚውጡ ውሾች አሉ። አንጀት ዘግቶ ቀዶ ሕክምና የሚያስገባ ነገር ነው። ምክሬ፦ ቤት ውስጥ በጎልፍ ኳስ "አምጣ" እያላችሁ አታጫውቱት። ቤት ያስተማራችሁትን ሜዳ ላይ እርሳው ማለት አይቻልም።

ሙቀትም አለ። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። 18 ቀዳዳ በእግር ሲሄድ ስምንት፣ አሥር ኪሎ ሜትር ይሆናል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች በሙቀት ቀን ይህን ባይሞክሩት ይሻላል። ለእነሱ ዘጠኝ ቀዳዳ፣ ያውም ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ።

ኩሬውን ደግሞ ተጠንቀቁ። የቆመ ውኃ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ሲበዛ መርዙ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ፍሎሪዳ ከሆናችሁ አልጌውን ተዉት፣ ኩሬው ውስጥ አዞ አለ። ሣሩ ላይም ፀረ አረምና ፀረ ሻጋታ ይረጫል። ሠራተኞቹን "ዛሬ ተረጭቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። እርጥብ ከሆነ አትግቡ። ስትመለሱ እግሩን እጠቡት፤ ውሻ መዳፉን ይልሳላ።

ገመዱን ቦርሳዬ ወይም ጋሪዬ ላይ ባስረውስ?

ሞክሬዋለሁ። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ነበርን። ውሻዬን በእጅ በሚገፋው ጋሪ ላይ አሥሬ ጓደኛዬ ፑት እስኪያደርግ ቆምኩ። ጥንቸል ከቁጥቋጦ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጋሪው በአንድ ጎማ ሲሄድ ነው። ተገለበጠ። ዱላዎቹ እንደ ክብሪት ተበተኑ፤ ውሻው ደግሞ ከኋላው የሚያሳድደው ጋሪ አስደንግጦት ይባስ ሮጠ። ጓደኛዬ ፑቷን ሳታት። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ስለዚህ አይሆንም። አንድ ሰው በእጁ ይያዘው፣ ወይም መሬት ላይ የሚተከል ብረት ተጠቀሙ። ተስቦ የሚረዝመውን ገመድም አልወደውም፤ ቀጭን ነው፣ አይታይም፣ ሰው ያሰናክላል። በሞተር ጋሪ ላይ ከሆናችሁ ውሻው ሊዘል ስለሚችል ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ አጥብቃችሁ አስራችሁት ግን ቢዘል እንዳትጎትቱት።

ውሻ ትኩረት አይሰርቅም?

ጩኸት የሚያስቸግረውን ያህል አንዲት ትንሽ ነገር ታስቸግራለች። አንገቱ ላይ ያለችው የብረት ምልክት። ሰው ፑት ለማድረግ አጎንብሶ፣ ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ ውሻው አንገቱን ሲያክ "ቅጭል ቅጭል"። ብረቷን በላስቲክ ጠቅልሏት፤ አለቀ። ሰው ዱላ ሲያነሳ የሚጮህ ውሻ ግን ለጊዜው ሜዳ ይቅርበት።

አብሮኝ የሚጫወተው ሰው ውሻ ቢፈራስ?

እንግዲህ ወደ ዋናው መጣን። ውሻ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ "አይዞህ፣ አይናከስም!" በዓለም ላይ የነከሰ ውሻ ሁሉ ባለቤት ከመንከሱ በፊት ይህን ብሎ ይሆናል። የሚፈራን ሰው አያረጋጋውም። ይባስ ብሎ የሚፈራው እሱ ጥፋተኛ እንደሆነ ያስመስላል።

የሚፈራም አለ፣ አለርጂ ያለበትም አለ፣ በእምነቱ ምክንያት የውሻ ምራቅ እንዲነካው የማይፈልግም አለ። ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም። ሜዳ ሳትገቡ በፊት፣ ውሻው መኪና ውስጥ ሳለ፣ "ውሻ ይዣለሁ፣ ይመችሃል?" በሉ። ሰውየው ለሁለት ሴኮንድ ካመነታ መልሱ "አይመቸኝም" ነው። እምቢ ለማለት አፍሮ እሺ የሚል ብዙ ነው። ለዚህ ነው እኔ ውሻ የምወስደው ብቻዬን ስጫወት ወይም ከለመዱት ጓደኞቼ ጋር ስሆን ብቻ የሆነው።

የእኔ ውሻ ዝግጁ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኳስ ሲሄድ እያየ ቁጭ ማለት ከቻለ ዝግጁ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ሳትገቡ፣ ኳስ መለማመጃው አካባቢ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የምቱን ድምፅ ይስማ። ከተደናገጠ ወይም ኳሷን ልከተል ካለ ወደ ቤት። ሌላ ቀን ድገሙት። ከዚያ ሜዳው ጭር ባለበት ሰዓት ሦስት ቀዳዳ፣ ያለ ጨዋታ፣ በእግር ብቻ። ከዚያ በኋላ ነው ዱላ የሚያዘው። ቡችላ አትውሰዱ።

መሪ ውሻ ያለው ሰውስ?

ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ለአካል ጉዳተኛ የሚያገለግል የሠለጠነ ውሻ የቤት ውሻ አይደለም። አሜሪካም ብሪታንያም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሜዳ እንዲህ ዓይነቱን ውሻ "ውሻ አናስገባም" ብሎ መመለሱን በሕግ ይከለክላሉ። በሥራ ላይ ያለን ውሻ አትደባብሱት፣ አትጥሩት።

በውድድር ቀን?

ቤት ይዋል።

ክለባችን ይከለክላል። እንዴት ላስፈቅድ?

"ውሻ ይፈቀድልን" የሚል ደብዳቤ ብቻውን አይሠራም። ኮሚቴው የሚፈራው ውሻን አይደለም፤ ስልክ መደወልንና ቅሬታን ነው። ስለዚህ ቅሬታውን ማን እንደሚሸከም ጨምራችሁ አቅርቡ። ለምሳሌ፦ ለሦስት ወር ሙከራ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ። በአንድ ቡድን አንድ ውሻ። አጭር ገመድ ሁልጊዜ። ግሪንና አሸዋ ክልክል። ሁለት ጊዜ ቅሬታ የቀረበበት ባለቤት ፈቃዱን ያጣል። ውሻውን ሌላ ሰው ይዞት ቢመጣ ግን ይገባል።

ደብዳቤውን ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ሣሩን የሚንከባከቡትን ሰዎች አነጋግሩ። እነሱ "ይቅር" ካሉ ኮሚቴው አይፈቅድም። እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው፤ ኃላፊው ብዙ አልተናገረም። መጀመሪያው መነሻ አጠገብ ያለውን ግንድ እያሳየኝ፣ "እዚያ ላይ ፌስታል ስቀልልኝ፣ ሁልጊዜ ሞልቶ ካገኘሁት እናወራለን" አለኝ። አሁን በየሳምንቱ የምሞላው እኔ ነኝ።